ለሁለት ነፍስ የሚዋጥ ክኒን

በግንቦት አንድ ቀን በልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ የዋለ ሰው የሚያየው ሕዝብ ከሌላው ክብረ በዓል ሕዝብ ለየት ይልበታል። ያዘለች አለች፣ ያረገዘች አለች፣ ልጅ አገኝ ብላ የተሳለች አለች፣ ስለቷ ሠምሮላት የመጣችም አለች። ዕለቱ የእመቤታችን የልደቷ ቀን ነውና፣ ሐናና ኢያቄም በስተርጅናቸው ያገኟት ልጅ ስትታሰብ የወላድ ወሬ የማይነሣበት ጥግ አይገኝም። በየሰፈሩም ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ ከደጅ ይበላል፤ ይጠጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ቀን ከግቢው ዛፎች በአንደኛው ጥላ ሥር አረፍ ብዬ ሳለሁ የሁለት ሴቶች ጨዋታ ጆሮዬን ሳበው። አንደኛዋ ሆዷ የገፋ ወጣት ናት። «እትዬ፣ ጤና ጣቢያ ‹ሽንትሽ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ› ብለው ክኒን ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለት ቀን ውጬ ተውኩት። ልጁን እንዳይጎዳብኝ ፈራሁ» አለች። በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙት ሴትዮ አልተቃወሟትም። «ደግ አደረግሽ የኔ ልጅ። ይኸው እኔን እዪኝ!» አሉና ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ጥርሳቸውን አሳዩዋት። አግድም አግድሙን ቡናማ መስመር የተሰመረበት ጥርስ ነው። «እናቴ እኔን አርግዛ ሳለች በዋጠችው መድኃኒት ነው ብሎኛል የጥርስ ሐኪሙ።»

ወዲያው ዘወር ብዬ «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» ብላቸው ወሬ ሰራቂ መባሌ ነበርና ዝም አልኩ፤ በኋላ ራሳቸው እስኪጠይቁኝ ድረስ። ያን ጊዜ በሐሳቤ ሲመላለስ የነበረውን ታሪክ ነው እዚህ ለአንባቢ የማቀርበው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።)

*

«ነፍሰ ጡር» የሚለው ቃላችን ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። በአንድ አካል ሁለት ነፍስ መኖሩን፣ ለአንዱ የተሰጠው መድኃኒት ለሌላውም እንደሚደርስ የአገራችን ሰው ያወቀው ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ነው። ኮሶ በየሁለት ወሩ በሚጠጣበት ዘመን እንኳ ነፍሰ ጡር ከኮሶ ትከለከል ነበር፤ ያስወርዳልና። «ክኒን» የሚለው ቃልም፣ መቼም ብዙ ሰው አያስተውለውም እንጂ፣ ከወባው መድኃኒት ከኩዊኒን ስም የተወረሰ ነው። ኩዊኒን ደግሞ በሌላው ዓለም ጽንስ ለማስወረድ የሚፈልጉ ሴቶች ከልክ በላይ ይውጡት የነበረ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ጥርጣሬው ከስሙ ጋር አብሮ ገባ ማለት ይቻላል።

ሌላው ፍርሃት ግን ከመድኃኒት የሚበልጥ ነበር። አራስ ስትጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው እንዲያው ለወጉ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ አልተማሩም ነበር። ምጡን በሰላም ተገላግላ፣ ገንፎው ተበልቶ፣ እልልታው ቀልጦ ካበቃ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት የተባለች አራስ ስንቷ ናት! «ምች መታት» ይባላል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባል፤ ይሸተታል። ዳማከሴውን ለማቃለል አይደለም። የአራስ ትኩሳት መንስኤው በማሕፀን የገባ ተሕዋስ ከሆነ ግን በዚያን ዘመን ዳማከሴ የያዘው የጎጃም አዋቂም፣ ባርኔጣ የደፋው የለንደን ሐኪምም በእጃቸው ያለው ነገር እኩል ነበር። ምንም።

ቪየና ውስጥ በ1847 ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም፣ ሬሳ ሲመረምሩ የዋሉ ሐኪሞች በዚያው እጃቸው ማዋለዳቸው አራሶችን እንደሚፈጅ ደረሰበት። በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ቢያደርግ ሞቱ በግልጽ ቀነሰ። የሙያ ጓደኞቹ ግን «የኛ እጅ ገዳይ ነው እንዴ?» ብለው አኮረፉት። መታጠቡም ቢሆን በሽታው እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያስወጣም። ያንን የሚያስወጣ መድኃኒት ለማግኘት ወደ ዘጠና ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ።

ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ በ1935 ፕሮንቶሲል የተባለውን ቀይ ቀለም ለዓለም አስተዋወቀ። የጨርቅ ማቅለሚያ የሚመስል፣ በሽተኛውንም ሮዝ የሚያስመስል መድኃኒት ነው። በለንደን የክዊን ሻርሎት የወሊድ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሊዮናርድ ኮልብሩክ በአራስ ትኩሳት ለተያዙ ሴቶች ሰጠውና በ1936 ውጤቱን አሳተመ። ከ38ቱ የሞቱት 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በዚሁ ሆስፒታል ከአራቱ አንዷ ያህል ትሞት ነበር። የአንቲባዮቲክን ዘመን ታሪክ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የሚነገረን በጦር ሜዳ ስለቆሰለ ወታደር ነው። በሩን የከፈቱት ግን ወላዶች ናቸው።

ፔኒሲሊንም እንዲሁ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሻጋታውን በ1928 አየው፤ ፍሎሪና ቼይን በኦክስፎርድ መድኃኒት አደረጉት፤ ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካ በፔኒሲሊን ከሞት የተረፈችው የመጀመሪያዋ ሰው ማን እንደሆነች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አን ሚለር ትባላለች፤ ነርስ ነበረች፤ 33 ዓመቷ ነበር። ጽንስ ከወረዳት በኋላ ደሟ ተመርዞ በኒው ሄቨን ሆስፒታል አንድ ወር በትኩሳት ተቃጠለች። በመጋቢት ወር 1942 ተስፋ በተቆረጠባት ሰዓት አምስት ግራም ተኩል ፔኒሲሊን ተገኘላት። በአገሪቱ ከነበረው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። በማግሥቱ ትኩሳቷ በረደ። መድኃኒቱ ከመወደዱ የተነሣ ሽንቷ እየተጠራቀመ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ በውስጡ ያለው ፔኒሲሊን ተጣርቶ ወጣ። አን ሚለር እስከ 1999 ኖራ በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

በዚያው ሰሞን በ1943 ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ታወቀ። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በኛ ዘንድ ቂጥኝ የያዘው ሰው «ወሸባ ይገባ» ነበር፤ ከሰው ተለይቶ፣ ምግቡ ተመጥኖ፣ መድኃኒቱን እየጠጣ ይከርማል። ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ወሸባ ብትገባም ባትገባም በሽታው ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ወይ ይወርዳል፤ ወይ ሞቶ ይወለዳል፤ ወይ በሽታውን ይዞ ይመጣል። ፔኒሲሊን ግን እንግዴ ልጁን ተሻግሮ ሕፃኑንም እናቱንም በአንድ መርፌ ያክማል። ኤሪትሮማይሲን በሚባለው ሌላ መድኃኒት የታከሙ እናቶች የወለዷቸው አንዳንድ ልጆች ቂጥኙን ይዘው ተወልደዋል፤ መድኃኒቱ እንግዴ ልጁን በበቂ መጠን አይሻገርምና። ወደ ጽንሱ የማይደርስ መድኃኒት «ለጽንሱ ደህና ነው» ይባል ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ አለመድረሱ ሆነ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ድረስ ፔኒሲሊን የማይስማማት ነፍሰ ጡር ቂጥኝ ሲገኝባት ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ሰውነቷን ቀስ በቀስ ከፔኒሲሊን ጋር ማላመድን የሚመርጡት።

*

እስከዚህ ያለው የድል ታሪክ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው አሥር ዓመት ያህል ግን እንዲህ በደስታ አይተረክም።

ከጦርነቱ በኋላ አዳዲስ አንቲባዮቲኮች ጎረፉ። ስትሬፕቶማይሲን በ1943፣ ክሎራምፌኒኮል በ1947፣ የቴትራሳይክሊን ወገን የሆነው ኦሪዮማይሲን በ1948 ተገኙ። ጊዜው በአገራችንም ዘመናዊ ሆስፒታል የሚስፋፋበት ነበር። እዚሁ ከልደታ እምብዛም ሳይርቅ የሚገኘው፣ በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራው ሆስፒታል በሶቪየት ቀይ መስቀል አማካይነት ሥራ የጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የያኔው የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያም ቦሌ ሳይሠራ እዚሁ ልደታ ነበር። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት «ፔኒሲሊን ጨቅላን ካልጎዳ እነዚህስ ለምን ይጎዳሉ?» የሚል እምነት በዓለም ሁሉ ነግሦ ነበር።

በ1956 በኒው ዮርክ ያለ ወራቸው የተወለዱ ሕፃናትን ከኢንፌክሽን ለመጠበቅ ሁለት ዓይነት ሕክምና ተወዳደረ። በአንድ ወገን ፔኒሲሊንና ሰልፋ አንድ ላይ፣ በሌላ ወገን ቴትራሳይክሊን። ሰልፋ የተሰጣቸው በብዛት ሞቱ። ምክንያቱም ሲጣራ፣ የወፍ በሽታ የምንለውን ቢጫ ነገር በደም ውስጥ ይዞት የነበረውን ፕሮቲን ሰልፋው ስለሚያስለቅቀው፣ ቢጫው ወደ አንጎል ገብቶ ነው። ያን ዕለት ቴትራሳይክሊን ደህናው መድኃኒት መስሎ ታየ! የዚህን ምፀት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1959 ከሎስ አንጀለስ ሌላ መርዶ ተሰማ። የእንሽርት ውሃቸው ቀድሞ ከፈሰሰ እናቶች ያለ ወራቸው ለተወለዱ ሕፃናት ለጥንቃቄ ተብሎ ክሎራምፌኒኮል ይሰጥ ነበር። ሐኪሞቹ ተጠራጥረው ሕፃናቱን በየምድቡ ሲያስተያዩ፣ ክሎራምፌኒኮል ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተው ተገኙ፤ ምንም ካልተሰጣቸው የሞተው ከአምስት አንድ ያህል ነው። ልጆቹ ሆዳቸው ይነፋል፤ ቆዳቸው አመድ ይመስላል፤ ከዚያ ይሞታሉ። የሕፃን ጉበት ያንን መድኃኒት አጣርቶ ለማስወገድ ገና አልደረሰም ነበር። ለአዋቂ የታይፎይድና የተስቦ አዳኝ የነበረው፣ በአገራችንም ለብዙ ዘመን የታይፎይድ መድኃኒት ሆኖ የቆየው ክሎራምፌኒኮል፣ ለጨቅላ እንዲህ ሆነ። ልብ አድርጉ፤ እነዚህ ልጆች አልታመሙም ነበር። የተሰጣቸው «ለማንኛውም» ተብሎ ነው። «ለማንኛውም» የሚባል የመድኃኒት አሰጣጥ እኔን የሚያስፈራኝ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳ የያዛት ነፍሰ ጡር ስትወጋው የልጇን የመስማት ኃይል ሊነካ እንደሚችል ታወቀ፤ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነፍሰ ጡር ይህን መርፌ እንዳትወጋ የሚከለክለው መመሪያ የመጣው ከዚያ ነው። ቀሪዎቹ የነቀርሳ መድኃኒቶች ግን አይቋረጡባትም።

የቴትራሳይክሊንም ተራ ደረሰ። በ1950ዎቹ አጋማሽ መድኃኒቱን ሲወስዱ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው እየበለዘ ሲያስገርም ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ያገኛቸውም እንዲሁ እንደሚሆኑ ተረጋገጠ። በ1963 ደግሞ ከዚያ የከፋው ተሰማ። ለኩላሊት ኢንፌክሽን በደም ሥር ብዙ ቴትራሳይክሊን የተሰጣቸው ነፍሰ ጡሮች ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ ሞቱ። በዚህ ወቅት ታሊዶማይድ የተባለው የማስታገሻ ክኒን እጅና እግር የሌላቸው ልጆች አስወልዶ ዓለም በድንጋጤ ላይ ነበርና፣ ነፍሰ ጡርና መድኃኒት የሚሉ ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲነሡ ሰው ሁሉ መሸሽ ጀመረ።

*

ቴትራሳይክሊን ጥርስ የሚያበልዝበት ምክንያት ካልሲየምን ስለሚወድ ነው። ካልሲየም ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ካልሲየሙ በሚጋገርበት ጥርስና አጥንት ውስጥ አብሮ ይጋገራል። የወተት ጥርስ መጠንከር የሚጀምረው ገና በማሕፀን፣ በእርግዝናው እኩሌታ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከአራተኛው ወር ወዲህ የተዋጠ ቴትራሳይክሊን በልጁ ጥርስ ላይ ቀኑን ጽፎ ያልፋል። የጻፈው አይፋቅም።

አይፋቅም ስል ነገሩን ማጋነኔ አይደለም። በጎረቤታችን በሱዳን ኑቢያ፣ ከ350 እስከ 550 ዓመተ ምሕረት ገደማ የኖሩ ሰዎች አጥንት በ1980 በልዩ ብርሃን ሲመረመር ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ቴትራሳይክሊን ነው! ፋብሪካ ሳይኖር ከየት መጣ ቢባል፣ ከሚጠምቁት ጠላ መሰል መጠጥ ነው፤ እህሉ ላይ ያደገው ተሕዋስ መድኃኒቱን ሠርቶት ነበር። በኋላም በ2010 በኬሚካል ምርመራ ተረጋገጠ፤ ከአጥንቶቹ የአንዱ ባለቤት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ነፍሰ ጡሮቻቸውም ከዚያው ጋን እንደተቀዳላቸው መገመት አያዳግትም። የኛን ጠላ የሚጠጣ ሁሉ ቴትራሳይክሊን ይጠጣል ማለቴ ግን አይደለም፤ አደራ።

አገራችን ውስጥ ስለ በለዘ ጥርስ ሲነገር ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ ዙሪያ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉድጓዱ ውሃ ነው፤ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በልደታው ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴትዮ የት እንዳደጉ አልጠየቅኋቸውም። መስመር መስመር ያለው ጥርስ የቴትራሳይክሊን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በማሕፀን ሳለ የሚበልዘው የወተት ጥርስ ስለሆነ፣ የአዋቂ ጥርሳቸውን ያበለዘው እናታቸው በእርግዝና የዋጡት አይሆንም። ያም ሆነ ይህ ጥፋቱ የቴትራሳይክሊን እንጂ የ«አንቲባዮቲክ» ሁሉ አይደለም። አንቲባዮቲክ የቤተሰብ ስም ነው፤ በአንዱ ልጅ ጥፋት ቤተሰቡ ሁሉ አይከሰስም።

ጭራሽ የሚያስገርመው፣ ይኸው ነፍሰ ጡር የምትከለከለው ቴትራሳይክሊን በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለተወለደ ሕፃን ከሚደርሱት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አንዱ መሆኑ ነው። እንደተወለደ ዓይኑን የሚቀባው ቅባት እሱ ነው፤ ከጨብጥና ከመሰሎቹ የሚመጣውን ዕውርነት ለመከላከል። ከዓይን ላይ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጥርስ ጋ አይደርስም። በአማራ ክልልም ትራኮማን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን በየቀበሌው ለሕዝብ ሲታደል፣ በዘመቻው የቀደሙ ዓመታት ነፍሰ ጡሮችና ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት በክኒኑ ፈንታ የሚሰጣቸው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነበር። አንዱ መድኃኒት በአፍ ሲሆን ክልክል፣ በዓይን ሲሆን ፈቃድ!

*

አሁን ወደ ወጣቷ እንመለስ፤ የእርሷ ፍርሃት ዋጋው ከጥርስ ይበልጣልና።

የቦስተኑ ሐኪም ኤድዋርድ ካስ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ ምንም ሳያማቸው በሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች ካልታከሙ ብዙዎቹ ወደ ኩላሊት ኢንፌክሽን እንደሚሄዱ፣ ሲታከሙ ግን ይህ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። የኩላሊት ኢንፌክሽን በነፍሰ ጡር ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ምጥ ያለ ጊዜው ሊያመጣ፣ እናቲቱንም ደሟን ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ «ሽንትሽን አምጪ» የሚላት ለወጉ አይደለም። የፔኒሲሊን ዘመድ የሆኑት እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት፣ እንዲሁም ሴፋሎስፖሪኖቹ ደግሞ በብዙ ዓመት በብዙ ሚሊዮን ነፍሰ ጡሮች ተሞክረው የታመኑ ናቸው። ሁለት ቀን ውጦ ማቆም የከፋው ምርጫ ነው፤ ክኒኑን ቀምሳለች፣ በሽታው ግን አልሄደም።

በማጥባት ላይ ያለው ፍርሃትም ከዚህ አይለይም። መድኃኒት በወተት ውስጥ ያልፋል፤ እውነት ነው። ግን የአብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች መጠን ለሕፃን ከሚታዘዘው እጅግ ያነሰ ነው። ልጁ ተቅማጥ ቢጤ ሊይዘው ወይም አፉ ነጭ ሊያወጣ ይችላል፤ ይታያል፣ ይታከማል። ብዙ ቤት የሚገኘው ሜትሮኒዳዞል፣ ሕዝቡ ፍላጂል የሚለው፣ የወተቱን ጣዕም መራራ አድርጎ ልጁን ሊያስኮርፈው ይችላል። ቴትራሳይክሊን እንኳ ከወተቱ ካልሲየም ጋር ስለሚተሳሰር ለጥቂት ቀናት የተወሰደ እንደሆነ ወደ ልጁ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ጡቷ ያበጠና ትኩሳት የያዛት አራስ «መድኃኒት ጀምሬአለሁ» ብላ ማጥባት ስታቆም ግን ወተቱ ተጠራቅሞ እብጠቱን ያብሰዋል፤ ልጁም ንጽሕናው ባልተጠበቀ ጡጦ ላይ ይወድቃል። በዚህ ከተማ ስንት ልጅ ከጡት የተነጠለው በመድኃኒቱ ሳይሆን በመድኃኒቱ ወሬ ነው!

ሌላው ጥፋት ከመደርደሪያው ኋላ ያለው ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ሆኖም እኔ ራሴ አንድ ቀን ለቤተሰብ ብዬ ከአንድ መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ብጠይቅ፣ ሻጩ «ስንት ፍሬ?» አለኝ እንጂ «ለማን ነው? ነፍሰ ጡር ናት? ታጠባለች?» አላለኝም። ከላይ የተተረከው ሁሉ፣ ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ የሞቱት ልጆች ሁሉ ያስገኙት ዕውቀት በነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ውስጥ ነበር።

ታሪኩ ደግሞ ገና አላለቀም። ያ በአማራ ክልል ነፍሰ ጡሮች ይታለፉበት የነበረው አዚትሮማይሲን፣ በ2023 ውጤቱ በታተመ ጥናት በኬንያ፣ በኮንጎ፣ በዛምቢያና በሌሎች አራት አገሮች ከ29 ሺህ በሚበልጡ ምጥ ላይ ባሉ ሴቶች ተሞከረ። አንድ ጊዜ ብቻ የተዋጠ 2 ግራም፣ በደም መመረዝ የሚታመሙትን ወይም የሚሞቱትን ከመቶ 2.4 ወደ 1.6 አወረደው። በጨቅላዎቹ ሕመምና ሞት ላይ ግን ልዩነት አላመጣም።

በልደታው ዕለት ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ እናቴ የዋጠችውና ያንቺው አንድ ነው እንዴ?» አሉ። ወጣቷ አላወቀችም። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው የነበረውን እሽግ ፈትታ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አልያዙም ኖሮ ወደ እኔ ዘወር ብለው «እስቲ አንብብልን፣ ወንድሜ» አሉኝ።

አሞክሲሲሊን ይላል። ከ21ዱ 15ቱ አልተነኩም። ጤና ጣቢያው ዛሬም ክፍት መሆኑን፣ እሽጉን እንደያዘች ሄዳ እንድትጠይቃቸው ነገርኳት። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «ነይ፣ እኔው አብሬሽ ልሂድ» አሏት።